ጄን አዳምስ፤ ትምህርቷን ለጎረቤቶቿ ያዋለች ሴት

ምንባብ

ተምረው ዐዋቂ ከተባሉት ሰዎች መካከል ዕውቀታቸውን ከመጽሐፍና ከመማሪያ ክፍል አውጥተው ለሚኖሩበት ሰፈር ሕዝብ ጥቅም በማዋል ስማቸው የሚጠራ ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህም አንዷ አሜሪካዊቷ ጄን አዳምስ ናት። ጄን የተወለደችው በ1860 በኢሊኖይ ግዛት፣ ሲዳርቪል በምትባል ትንሽ መንደር ነው። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናቷ የሞቱት ጄን ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች ነበር። ጥቂት ቆይቶም የአከርካሪ አጥንት ነቀርሳ ስለ ያዛት ጀርባዋ ጎበጥ ብሎ ቀረ። አባቷ የወፍጮ ቤት ባለቤትና የግዛቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ባርነትን አጥብቀው የሚቃወሙና የአብርሃም ሊንከን ወዳጅ በመሆናቸው በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ እጅግ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ጄን ከሁሉ አብልጣ የምትወደውና አርአያ አድርጋ የምትመለከተው እርሳቸውን ነበር።

ሰባት ዓመት ሳይሞላት አንድ ቀን አባቷን ተከትላ ወፍጮ ወዳለበት ወደ አጎራባች ከተማ ሄደች። በዚያም በጠባብ መንገድ ዳርና ዳር ተጣብቀው የተሠሩ የድሆች ደሳሳ ቤቶች አየች። ሰዎች እንዲህ ባሉ ቤቶች ተፋፍገው የሚኖሩበትን ምክንያት አባቷን ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ካስረዷት በኋላ፣ ስታድግ ትልቅ ቤት እንደሚኖራት፣ ቤቷን የምትሠራው ግን በሀብታሞች መካከል ሳይሆን እንደነዚህ ባሉት ደሳሳ ቤቶች መካከል እንደሚሆን ነገረቻቸው። ይህ የሕፃን ንግግር ከ20 ዓመታት በኋላ እውን ይሆናል ብሎ በጊዜው ያሰበ አልነበረም።

ጄን በሮክፎርድ የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብታ በ1881 ከክፍሏ አንደኛ ሆና ትምህርቷን ጨረሰች። በዚያው ዓመት ግን አባቷ በድንገት ሞቱ። ሐኪም ሆና ድሆችን ለመርዳት በማሰብ ፊላዴልፊያ በሚገኝ የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ብትመዘገብም፣ የጀርባዋ ሕመም ስለ ጸናባት ትምህርቷን አቋርጣ ወጣች። ከዚያም የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ብዙ ወራት በአልጋ ላይ ተኝታ አሳለፈች። ሕመሙ ቀለል ሲልላት እንደ ዘመኑ የሀብታም ልጆች ልማድ አውሮፓን ለመጎብኘት ሄደች።

በ1883 ለንደን በነበረችበት ጊዜ አንድ ቅዳሜ ሌሊት ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር በሠረገላ ተሳፍራ ወደ ከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል ሄደች። በማግሥቱ እሑድ ገበያ ስለማይኖር፣ እስከ ሰኞ ሊቆይ የማይችለው የተጠወለገ አትክልት በዚያ ሌሊት በጨረታ ይሸጥ ነበር። ልብሳቸው የተቀዳደደ ብዙ ሰዎች በሻጩ ዙሪያ ተኮልኩለው ባዶ እጆቻቸውን ወደ ላይ ይዘረጉ ነበር። አንዱ ሰው የደረሰውን ጥቅል ጎመን ሳያጥብና ሳይቀቅል ጥሬውን መብላት ጀመረ። ጄን ከሠረገላው ላይ ሆና ይህን ስታይ በአእምሮዋ የተመላለሰው ቀደም ብላ በመጽሐፍ ያነበበችው ታሪክ ነበር። ወዲያውም በገዛ ራስዋ አፈረች። እጃቸውን የዘረጉት ሰዎች በፊቷ ቆመው ሳለ የእርስዋ አሳብ ወደ መጽሐፍ መሸሹን ተገነዘበች። ዓመታት የፈጀው ትምህርቷም ለሥራ ከማዘጋጀት ይልቅ ከሥራ የሚያርቅ መጋረጃ ሆኖ ታያት።

ከዚህ በኋላ ለብዙ ጊዜ ምን መሥራት እንደሚገባት እያወጣች እያወረደች ቆየች። በ1888 እንደገና ለንደን በሄደች ጊዜ ቶይንቢ ሆል የተባለውን ድርጅት ጎበኘች። ይህ ድርጅት በ1884 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ወጣቶች በድሆች ሰፈር አብረው እየኖሩ የሚያስተምሩበትና ራሳቸውም የሚማሩበት ቤት ነበር። ጄን በአሳቧ ስትፈልገው የኖረችውን ነገር በዚህ ቤት አገኘች። ስለዚህ ወደ አገሯ ተመልሳ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር ተመሳሳይ ቤት ለመክፈት ተነሣች።

በዚያን ዘመን ቺካጎ በፋብሪካዎቿ ብዛት በፍጥነት የምታድግ ከተማ ነበረች፤ በ1890 የሕዝቧ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ሥራ ፍለጋ ከአውሮፓ የፈለሱ ጣሊያኖች፣ ጀርመኖች፣ አየርላንዳውያን፣ ግሪኮች፣ እንዲሁም ከሩሲያና ከፖላንድ የመጡ አይሁዳውያን በሀልስቴድ መንገድ አካባቢ ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በዚህ መንገድ ላይ ቻርልስ ሀል የተባለ ሀብታም በ1856 ያሠራውን አሮጌ ቤት ተከራይተው በሴፕቴምበር 18 ቀን 1889 ገቡበት። ቤቱም በባለቤቱ ስም ሀል ሀውስ ተባለ።

ሥራቸውን የጀመሩት ለጎረቤት ከሚደረግ ተራ እርዳታ ነበር። አራስ ያርሱ፣ ሕፃን ያጥቡ፣ በሽተኛ ያስታምሙ፣ የሞተውንም ይገንዙ ነበር። ቀጥሎም እናቶቻቸው ወደ ፋብሪካ ለሚሄዱ ልጆች መዋያ፣ ለሕፃናት መዋዕለ ሕፃናት፣ ቀን ሲሠሩ ለሚውሉ አዋቂዎች የማታ ትምህርት ከፈቱ። በሁለተኛው ዓመት በየሳምንቱ ወደ ቤቱ የሚመጣው ሰው 2,000 ያህል ደረሰ።

ይሁን እንጂ ሥራው ሁሉ ወዲያው የተሳካ አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው በቂ ምግብ አለማግኘታቸውን የተመለከቱት የቤቱ ነዋሪዎች በዘመኑ የምግብ ሳይንስ መሠረት የሚዘጋጅ ርካሽና ገንቢ ምግብ የሚሸጥበት ወጥ ቤት አቋቋሙ። ነገር ግን ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ የለመደው የምግብ ዓይነት የተለያየ ስለ ነበረ፣ ይሸጣል ተብሎ የታሰበውን ያህል አልተሸጠም። ሰውን ለመርዳት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ መጠየቅ እንዳለበት ጄን ከዚህ ተማረች።

ከዚህ የከበደ ትምህርት ያገኘችው በ1893 በአሜሪካ ታላቅ የኤኮኖሚ ድቀት በደረሰ ጊዜ ነበር። በዚያ ብርድ ወራት ከሥራው የተባረረ አንድ የዕቃ ጸሐፊ ለቤተሰቡ እርዳታ ለመለመን ወደ ሀል ሀውስ መጣ። ጄን በወቅቱ በተሰጣት መመሪያ መሠረት፣ እርዳታ ከመጠየቁ በፊት በከተማው ዳርቻ በሚቆፈረው ቦይ የጉልበት ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ነገረችው። ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ በቤት ውስጥ የሠራ በመሆኑ የውጭውን ብርድ እንደማይችለው ገልጾላት ነበር፤ እርስዋ ግን ከመመሪያው ፈቀቅ አላለችም። ሄዶ ሁለት ቀን ከቆፈረ በኋላ የሳንባ ምች ያዘውና በሳምንቱ ሞተ። ጄን የዚህን ሰው ሁለት ልጆች ሁኔታ ከዚያ በኋላ መከታተሏን አላቋረጠችም። የሰውን ችግር ኑሮውን በቅርብ በማወቅ እንጂ በደንብ ብቻ መፍታት እንደማይቻል የተረዳችው በዚህ መራራ ገጠመኝ ነው።

የሰፈሩ አንዱ ትልቅ ችግር ቆሻሻ ነበር። በየመንገዱ ዳር በተተከሉት የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ጥራጊና የበሰበሰ ምግብ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ ልጆችም በዚያው ላይ ይጫወቱ ነበር። የሀል ሀውስ የሴቶች ማኅበር አባላት የሰፈሩ ሕፃናት በብዛት የሚሞቱበትን ምክንያት ከተወያዩበት በኋላ፣ 12ቱ ከቤቱ ነዋሪዎች ጋር ሆነው የሰፈሩን ጠባብ መንገዶች ለመመርመር ተስማሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ቀን በቤት ሥራ ደክመው የዋሉት እነዚህ እናቶች በሙቀቱ ወራት ማታ ማታ እየዞሩ ያዩትን ይመዘግቡ ጀመር። በኦገስትና በሴፕቴምበር ሁለት ወራት ብቻ 1,037 የደንብ መጣስ ሪፖርቶች ለከተማው ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቀረቡ።

በ1895 ጄን የሰፈሩን ቆሻሻ ለማስነሣት በወጣው ጨረታ ተወዳደረች። ጨረታውን ባታገኝም የከተማው ከንቲባ የሰፈሩ የቆሻሻ ተቆጣጣሪ አድርገው ሾሟት። በኮሌጅ የተማረችው ሴት በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የቆሻሻ ጋሪዎችን እየተከተለች ጭነታቸው የት እንደሚደፋ ትመለከት፣ ቸል ያሉትን ባለ ቤቶችም በፍርድ ቤት ትከስ ነበር። በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሻሻው ተቆፍሮ ሲነሣ የድንጋይ ንጣፉ የተገኘው ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ታች ከተወረደ በኋላ ነበር። ከዚህ ጥረት በኋላ በሞት ብዛት ከከተማው ቀበሌዎች ሦስተኛ የነበረው ያ ሰፈር ወደ ሰባተኛ ዝቅ አለ።

ጄን በጽኑ የታገለችለት ሌላው ጉዳይ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ነው። ሀል ሀውስ በተከፈተ በመጀመሪያው የገና በዓል ከረሜላ ሲታደል ጥቂት ትንንሽ ልጃገረዶች አንቀበልም አሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ በከረሜላ ፋብሪካ ውስጥ ለስድስት ሳምንታት ከጧት እስከ ምሽት ሲሠሩ ስለ ቆዩ ከረሜላ ማየት እንኳ አስጠልቷቸው ነበር። በዚያው ብርድ ወራት ሦስት ወንዶች ልጆች በአንድ ፋብሪካ በአንድ መኪና ተጎዱ፤ አንደኛው ሞተ። መኪናው ጥቂት ዶላር ብቻ የሚያወጣ መከላከያ ቢገጠምለት ኖሮ ልጆቹ አይጎዱም ነበር። የሀል ሀውስ ነዋሪ የነበረችው ፍሎረንስ ኬሊና ጓደኞቿ የሠራተኞቹን ኑሮ በየቤቱ እየዞሩ አጠኑ። በ1893 የኢሊኖይ ግዛት ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ የሚከለክል ሕግ ሲያወጣም ኬሊ የመጀመሪያዋ ዋና የፋብሪካዎች ተቆጣጣሪ ሆነች። የሰፈሩ ሕዝብ ከየት እንደ መጣና ምን ያህል ደመወዝ እንደሚያገኝ በቀለም የሚያሳዩ ካርታዎች ያሉበት ጥናትም በ1895 በመጽሐፍ ታተመ። በ1899 ደግሞ በአሜሪካ የመጀመሪያው የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት በቺካጎ ሲቋቋም የሀል ሀውስ ሰዎች ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። የእነርሱን አርአያ በመከተል በአሜሪካ ከተሞች ከ400 በላይ ተመሳሳይ ድርጅቶች ተቋቋሙ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጄን በ1915 በሄግ ከተማ የተደረገውን የሴቶች የሰላም ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መራች። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባም አቋሟን ስላልለወጠች፣ ቀድሞ ያመሰገኗት ጋዜጦች ሳይቀሩ ነቀፏት። ከዓመታት በኋላ ግን ሥራዋ ተመዝኖ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከሌላ አሜሪካዊ ጋር ተሰጣት። ይህን ሽልማት በማግኘት ከአሜሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች።

ጄን አዳምስ በሜይ 21 ቀን 1935 በቺካጎ ሞተች። አስከሬኗ በሀል ሀውስ ባረፈ ጊዜ በሺሕ የሚቆጠሩ ጎረቤቶቿ በፊቱ እያለፉ ተሰናበቷት። ከሀል ሀውስ ሕንፃዎች አብዛኞቹ በ1960ዎቹ ዓመታት ቢፈርሱም የመጀመሪያው ቤት ቤተ መዘክር ሆኖ ተጠብቋል።

ከዚህች ሴት ሕይወት የምንረዳው፣ ትምህርት የሚፈተነው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ አለመሆኑን ነው። ጄን ለጎረቤቶቿ የጠቀመችው ከሁሉ የበለጠ ዕውቀት ስለ ነበራት አይደለም፤ አብራቸው ኖራ ስለ ጠየቀች፣ ያየችውን ቆጥራ ስለ መዘገበች፣ ስትሳሳትም ስለ ተማረች ነው። መጠየቅ፣ መቁጠርና መመዝገብ ደግሞ ማንኛውም ተማሪ በየሰፈሩ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል መልሱ።

1. ጄን በለንደን የአትክልት ጨረታ ባየች ጊዜ በራስዋ ያፈረችው ለምንድን ነው?
2. ገንቢ ምግብ የሚሸጥበት ወጥ ቤት ያልተሳካው በምን ምክንያት ነበር?
3. የዕቃ ጸሐፊው አሟሟት ጄንን ምን አስተማራት?
4. የ12ቱ ሴቶች ሥራ ለሰፈሩ ምን ጥቅም አስገኘ?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በያዙት ፍቺ መሠረት በዓረፍተ ነገር አስገቡ።

ደሳሳ፣ ተፋፈገ፣ ፈለሰ፣ ድቀት፣ ገነዘ፣ ብዝበዛ

ሐ. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ከገቢር ወደ ተገብሮ ለውጡ።

1. የማኅበሩ ሴቶች የመንገዶቹን ሁኔታ መረመሩ።
2. ከንቲባው ጄንን ሾሙ።
3. ግዛቱ አዲስ ሕግ አወጣ።

መ. ድርሰት

ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ በምትኖሩበት ሰፈር ያለውን አንድ ችግር ምረጡ። ስለ ውሃ፣ ስለ ጽዳት ወይም ትምህርት ቤት ስላልገቡ ልጆች ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶቻችሁን በትሕትና ጠይቃችሁ፣ ያያችሁትን ቆጥራችሁ መዝግቡ። ከዚያም ችግሩንና እናንተ ራሳችሁ ልታደርጉ የምትችሉትን የሚገልጽ ሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ።