ዶክተር ሉሲየን ማት፦ ሳይሰብኩ ያስተማሩ ካህን

ከአዲስ አበባ በአቃቂ በኩል ወደ ገላን፣ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግረን ወደ ሱሉልታ ስንሄድ አንድ ዓይነት ኑሮ ይገጥመናል። ትናንት የእርሻ መሬት በነበረው ስፍራ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ቆሟል። ከገጠር ለሥራ የመጣ ወጣት ከዘመድ ርቆ በኪራይ ቤት ያድራል። አርሶ አደሩ መሬቱን ለቆ የለመደውን የአኗኗር ሥርዓት ያጣል። እንዲህ ባለው ስፍራ የሰውን ልብ ማዳመጥ የሚያውቅና የተበተነን ቤተ ሰብ ለመሰብሰብ የተማረ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሥነ ልቡናንና የማኅበራዊ አገልግሎትን ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን ድካማቸው ለዚሁ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ይህ ትምህርት በአገራችን በከፍተኛ ደረጃ መሰጠት የጀመረበትን ቤት ታሪክ ወደ ኋላ ስንመረምር የአንድ ካህን ስም እናገኛለን። ብዙዎች የሚያውቋቸው በክህነት ማዕረጋቸው ሳይሆን በዶክተርነታቸው ነው። በዚህ እትማችን የዶክተር ሉሲየን ማትን ሕይወት በአጭሩ ልናስታውስ ወደድን።

ዶክተር ማት የካናዳ ተወላጅ ሲሆኑ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የመሠረተው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበሩ። የዚህ ማኅበር ካህን ለአገልግሎት የሚደርሰው ከረጅም የትምህርትና የመንፈሳዊ ልምምድ ዓመታት በኋላ ነው። ኢየሱሳዊ ሌላውን ከማስተማሩ በፊት የገዛ ነፍሱን እንቅስቃሴ በየዕለቱ መመርመርን ይማራል። የሰውን ነፍስ ጠባይ ማጥናት ለዚህ ማኅበር እንግዳ ትምህርት እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ የኢየሱሳውያን ስም በኢትዮጵያ ከባድ ትዝታ ያለው ስም ነው። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1555 ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ነገር ግን ነገሩ በግዴታና በችኮላ ስለ ተያዘ ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ፤ ኢየሱሳውያኑም በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመታት አለፉ። ቂሙ ግን ከሕዝቡ መታሰቢያ አልጠፋም ነበር።

እንግዲህ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ አገሪቱን ያገኟት የተማረው ወጣቷ በወራሪው እጅ አልቆ ነው። በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ጭፍጨፋ ብዙ ምሁራን ተገድለዋል። አስተማሪ ከውጭ መጥራት ግድ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ካናዳውያን ኢየሱሳውያን መጥተው የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት እንዲያስተዳድሩ ጠየቁ። ቅድመ ሁኔታው ግን ቀላል አልነበረም። የክህነት ልብስ እንዳይለብሱና ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ነበር።

አንድ ካህን የክህነቱን ልብስ አውልቆ፣ ስለሚያምነውም ዝም ብሎ ሊያገለግል ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ዛሬም ቢሆን አቅልለን ልናየው አይገባም። ካህኑ ለስብከት ተልኮ ሳለ አፉን ከዘጋ ጥሪውን አጎደለ የሚል ወገን ይኖራል። በሌላው ወገን ደግሞ ልብሳቸውን ቢለውጡም አሳባቸው ያው የጥንቱ ነው ብሎ የሚጠራጠር አይጠፋም። የማኅበሩ አባላት በዚህ በሁለቱ መካከል ቆመው ቅድመ ሁኔታውን ተቀበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1945ም ወደ አዲስ አበባ መጡ። ዶክተር ማትም የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ የበለጠ ሸክም ጣሉባቸው። የአገሪቱን የመጀመሪያ የከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ አዘዟቸው። በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 33 ብቻ እንደ ነበሩ የዩኒቨርሲቲው ታሪክ ይመዘግባል። መምህራኑም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዶክተር ማት የዚህ ትንሽ ቤት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው የመሪነቱን ኃላፊነት ተረከቡ። ኮሌጁ በ1946 ዓ.ም. ቻርተሩን ተቀበለ።

ኮሌጁ የመንግሥት እንጂ የቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ተማሪዎቹም ከልዩ ልዩ ሃይማኖትና ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ነበሩ። በኮሌጁ ውስጥ እየተመገቡና እያደሩ አብረው ይማሩ ነበር። ከዚያ በፊት ተገናኝተው የማያውቁ ወጣቶች በአንድ ገበታ መቀመጣቸው ራሱ ትልቅ ትምህርት ነበር።

በዚያ ቤት ከተደረጉት ሥራዎች አንዱን ለይተን ልናነሣ እንወዳለን። ይኸውም የተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር ነው። ተማሪዎቹ ስለ ሕዝባቸው ልማድ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ኀዘን ሥርዓት፣ ስለ ዕደ ጥበብ እየጠየቁና እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። በዚህ ሥራ የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ብዙ ደክመዋል። ያን ጊዜ የተሰበሰበው ቅርስ እ.ኤ.አ. በ1963 ለተመሠረተው ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም መነሻ ሆኗል።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በኮሌጁ የሚሰጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር፤ የሚነበበውም መጽሐፍ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የአገሩን ልጅ ከአገሩ ያርቃል ተብሎ መነቀፉም እውነት ያለው ነቀፌታ ነው። ነገር ግን የእናቱን ቤት ወግ በደብተሩ መጻፍ የጀመረ ተማሪ ሕዝቡን በአዲስ ዓይን ማየት ይጀምራል። ለችግረኛ የሚቆም ባለሙያ አስቀድሞ ማወቅ ያለበትም ይህንኑ ነው። የዕድርን፣ የማኅበርን፣ የሽምግልናን ኃይል ያልተረዳ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ የተማረውን ሁሉ ይዞ በር ላይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1959፣ ዶክተር ማት ገና በኃላፊነት ላይ ሳሉ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከፈተ። ለድኻ መመጽወት በአገራችን የቆየ ምግባር ነው፤ ገዳሙም ደጀ ሰላሙም የችግረኛ መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። አዲሱ ትምህርት ይህን አልሻረም። ምጽዋት የዕለቱን ረኀብ ሲያስታግስ፣ ሙያው ደግሞ ሰውየው ለምን እንደ ወደቀ ይጠይቃል፤ በገዛ እግሩ የሚቆምበትንም መንገድ ከእርሱ ጋር ሆኖ ይፈልጋል። ሥነ ልቡናም በበኩሉ በከፍተኛ ትምህርት ያደገው በይበልጥ ከአስተማሪዎች ሥልጠና ጋር ተያይዞ ነው። መምህሩ ስለ ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጁም ሊያውቅ ይገባዋልና።

የዶክተር ማት የኃላፊነት ዘመን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ፈተናም አልቀረም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲደረግ የኮሌጁ ተማሪዎች በአደባባይ ወጥተው ድጋፋቸውን ገለጹ። ንጉሠ ነገሥቱ በአባትነት ያሳደግኋቸው የሚሏቸው ልጆች የራሳቸው አሳብ እንዳላቸው ታየ። ማሰብን ያስተማረ ቤት የሚያስበው ትውልድ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ሊወስን እንደማይችል እኛም ከዚህ እንማራለን።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመረቀ። ትንሹ ኮሌጅም የትልቁ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። የኢየሱሳውያኑ የመሪነት ዘመንም በዚያው አበቃ፤ ኃላፊነቱ ወደ ሌሎች ተላለፈ። የተሰጣቸውን ተክለው፣ ሲያድግም ለሌላ ማስረከብ የአገልጋይ ዕጣ ነው።

የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤቱ ግን ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ። ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲው ራሱን ችሎ ሳይሰጥ ብዙ ዓመታት አለፉ። ጦርነትና ድርቅ ሕዝቡን ባፈናቀለበት በዚያ ዘመን ሙያው እጅግ ያስፈልግ ነበርና ጉዳቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተከፍቶ የማስተርስ ተማሪዎችን ተቀበለ። ዛሬ በልዩ ልዩ ኮሌጆች ይህን ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን የዚያ የተቋረጠና የተቀጠለ ገመድ ወራሾች ናቸው።

ዶክተር ማት ካረፉ በርካታ ዐሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስንት ሰው ወደ እምነታቸው አመጡ ብሎ ሥራቸውን ለመመዘን የሚሻ በመዝገብ የሚያገኘው የለም። እኛ ግን ሌላ ፍሬ እናያለን። ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት በግዴታ ምክንያት የጠፋው መታመን፣ በዝምታና በታማኝነት በተሠራ የዓመታት ሥራ በጥቂቱም ቢሆን ተመልሷል። ለራሱ ሳያደላ የሌላውን ልጅ እንደ ልጁ ያስተማረ ሰው ያላወጀው እምነቱ በሥራው ይነበባል።

በገላንም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፣ ከፋብሪካው ሥራ ደክማ የምትመለሰውን ወጣት ወይም መሬቱን ያጣውን አዛውንት ለማዳመጥ የሚቀመጡ ባለሙያዎች አስቀድመው ሃይማኖቱን አይጠይቁም። እነርሱን የሚያስተምሩ መምህራንም ደመወዛቸው ጥቂት፣ ተማሪያቸውም ጥቂት ሊሆን ይችላል። የቤታቸው ትንሽነት ግን አያሳዝናቸው። ያ ታላቅ ዩኒቨርሲቲም የተጀመረው በ33 ተማሪዎች ነበርና። እግዚአብሔር የደከሙትን ሁሉ ዋጋ ይክፈልልን፤ ለዶክተር ሉሲየን ማትም ዘላለማዊ ዕረፍትን ይስጥልን።