ኰሎኔል ሮቢንሰንና ጥይት የሌለው የጦር አይሮፕላን

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ እየነዳ ያመጣው ፖቴዝ 25 የሚባል የጦር አይሮፕላን ነበር። ከላይና ከታች ሁለት ድርብ ክንፍ አለው፤ ክንፉም በጨርቅ የተወጠረ ነው። ነጂውና ባልደረባው ጣራ በሌለው ጕድጓድ ውስጥ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ተቀምጠው ፊታቸውን ለነፋስ ይሰጣሉ።  የጆን ሮቢንሰን ስም ከኛ አገር ታሪክ ጋር የተሳሰረው በዚህ ዓይነቱ አይሮፕላን ነው።

ሮቢንሰን ያደገው በአሜሪካ ደቡብ፣ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር በአንድ ወንበር በማይቀመጥበት በሚሲሲፒ፣ ገልፍፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። በቱስኪጊ ኢንስቲትዩት የአውቶሞቢል መካኒክነት ተምሮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1924 ተመረቀና ወደ ሰሜን ወጣ። የሚተዳደረው በመኪና ጥገና፣ ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነበር። ቺካጎ የነበረው የአይሮፕላን ትምህርት ቤት ጥቁር አልቀበልም አለው። ከዚህ በኋላ እንደሚተረክለት፣ በዚያው ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባ፤ መምህሩ ሲያስተምር ጥጉን እየጠረገ ያዳምጣል፤ ተማሪዎቹ ሲወጡ በሰሌዳው ላይ የቀረውን ይገለብጣል። በመጨረሻ እሱና ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊ ለመማር በቁ። ቀጥለውም ጥቁሮች የሚበሩበትን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሌላ አይሮፕላን ማረፊያ ስለ ተከለከሉም ከቺካጎ አጠገብ በሮቢንስ መንደር የራሳቸውን ሜዳ ጠረጉ። እኛ ፕሮፌሰሩ አርፍዶ ቢመጣ ደስ የሚለን ተማሪዎች ይህን ስናነብ ትንሽ ብናፍር አይጎዳንም።

የኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር መዘጋጀቱ ሲሰማ፣ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ስለ ሮቢንሰን ሰሙ። ጥሪው ደረሰው፤ በግንቦት 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አቀባበሉ ጥርጣሬ ቢኖርበት አይፈረድም፤ ከሱ በፊት የመጣው ሌላው ጥቁር በራሪ ሑበርት ጁሊያን ከንግሥ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አይሮፕላን ሰብሮ ነበርና። ሮቢንሰን ግን ብዙ የማይናገር፣ እጁ ዘይት የለመደ ሰው ነበር። ብዙም ሳይቈይ የኰሎኔልነት ማዕርግ ተሰጥቶት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ።

አየር ኃይል ይባል እንጂ አይሮፕላኖቹ ሁሉ ተቈጥረው ሁለት ደርዘን አይሞሉም፤ ከነሱም የሚበሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ኢጣልያ ያሰለፈችው በመቶ የሚቈጠር ነው። የኛዎቹ ፖቴዞች ለጦርነት የተሠሩ ሆነው ሳለ የሚተኵሱበት አልነበራቸውም። ዕድሜውን ሁሉ ለመብረር የታገለ ሰው የጦር አይሮፕላን ሲሰጠው ሥራው መልእክት ማድረስ ብቻ ሆነ። ሥራው ቀላል መስሎ የሚታየው ካርታ ላላየ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዐድዋ በቀጥታ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚነሣበት ሜዳ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጕልበቱን ሙሉ አይሰጥም፣ ክንፉም ቶሎ አያነሣም፤ አይሮፕላኑ ረጅም መንደርደር አለበት። ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ቢቆም ከተራራና ከገደል በቀር የሚያርፍበት የለም።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሮቢንሰን የመንግሥት ደብዳቤ ይዞ ዐድዋ ወረደ። በ22 ማለዳ፣ ከተማው ገና ሳይነሣ፣ የኢጣልያ ቦምብ ጣዮች ደረሱ፤ ከነጂዎቻቸው መካከል የሙሶሊኒ አማች ቻኖ ይገኝ ነበር። በ1888 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ የተሸነፈው ጦር ቂሙን ከሰማይ አወረደው። ሮቢንሰን ሰው በየአቅጣጫው ሲሮጥ፣ ቤት ሲፈርስ፣ ሕዝቡ ከሰማይ የሚመጣውን ምን እንደሚያደርገው ሲጨነቅ አየ። እሱ ብቻ ያንን ከሰማይ የሚመጣ ነገር ከነብሎኑ ያውቀዋል፤ የሚመክትበት ግን የለውም። ያለው ፖቴዙ ነው። በዚያው የጨርቅ ክንፍ፣ ጠላት በሚዞርበት ሰማይ ተነሥቶ፣ ያየውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

አንድ ጓደኛችን ጦርነቱ ለተሸነፈበት አንድ በረራ ምን ጠቀመ ብሎ ማታ በመኝታ ቤት ተከራክሮናል። እኔ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፤ በዚያ ቀን በዋና ከተማው ወሬና ግምት ሲተራመስ፣ ዐድዋ ቆሞ ያየ ሰው መምጣቱ ትንሽ ነገር አልነበረም። አላመነኝም።

ሮቢንሰን ከዚያም በኋላ ለወራት በዚሁ ሥራ ተመላለሰ፣ ቈሰለም። አገሪቱ ልትያዝ ስትል ወጥቶ አሜሪካ ሲደርስ በቺካጎ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። በ1936 ዓ.ም. ግን ምቾቱን ትቶ ተመልሶ መጣ፤ ለኛ ወጣቶች መብረርን አስተማረ። በኋላ አዛዥነቱ ለስዊድኖች ሲሰጥ ነገሩ ሳይመረው አልቀረም፤ ቢሆንም አገሩን ለቆ አልሄደም። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ይነዳው የነበረ ትንሽ አይሮፕላን ወደቀ፤ ሁለት ሳምንት ያህል በሆስፒታል ተኝቶ ሞተ። የተቀበረውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።