ቤገም ሩቀያ፦ ለሙስሊም እህቶች የትምህርት በር የከፈቱ እናት

ቤገም ሩቀያ ሰኻወት ሑሴን በ1880 (እ.ኤ.አ) ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ቤንጋል፣ ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ በምትገኘው ፓይራባንድ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ባለርስት ነበሩ። ወንዶቹ ልጆች ዘመናዊ ትምህርት ሲማሩ ሴቶቹ ግን ቁርኣን ከመቅራት አልፈው እንግሊዝኛም ሆነ ቤንጋልኛ እንዲማሩ አይፈለግም ነበር። ወንድማቸው ኢብራሂም ግን ቤተሰቡ ሲተኛ በሻማ ብርሃን እንግሊዝኛ ያስጠኗቸው ነበር።

በ1905 የታተመውን "የሱልጣና ሕልም" የተሰኘ ድርሰታቸውን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሆንን ስናውቀው ይደንቀናል። ሴት ምሁራን በፀሐይ ሙቀት ምግብ የሚያበስሉባትን፣ ከሰማይ ውኃ የሚስቡባትን አገር በዚያ ዘመን አስበዋል።

ባለቤታቸው ለሴቶች ትምህርት ቤት የሚሆን 10,000 ሩፒ መድበው በ1909 ወደ አኺራ ሄዱ። ሩቀያ በዚያው ዓመት ባጋልፑር ከተማ በ5 ተማሪዎች ጀመሩ። በቤተሰብ የውርስ ጠብ ከዚያ ሲለቁ፣ በ1911 ካልካታ ላይ በ8 ልጆች እንደገና ከፈቱ። ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን ለመኑ። ከቁርኣን ጋር ቋንቋ፣ ስፌት፣ የሕመምተኛ እንክብካቤና ስፖርት ይሰጥ ነበር።

ትልቁ ፈተና መንገዱ ነበር። ልጆቹ እንዳይታዩ አውቶቡሱ ድፍን ተደርጎ ሲሠራ በሙቀትና በአየር እጦት ራሳቸውን ሳቱ። መስኮቱ ተከፍቶ መጋረጃ ሲደረግለት ደግሞ ነፋስ ይገልጠዋል የሚል የዛቻ ደብዳቤ መጣ። ልጆቹ መተንፈስ አለባቸው፤ ወላጆች ካላመኑ ደግሞ ልጅ አይልኩም። ሩቀያ ሁለቱንም ይዘው ለመሄድ ታገሉ። እርሳቸውም ተሸፍነው ነበር የሚወጡት።

በ1916 የሙስሊም ሴቶች ማኅበር መሥርተው ባል የሞተባቸውን ረዱ፤ የድሃ ሰፈር ሴቶችን ፊደል አስቆጠሩ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1932 (እ.ኤ.አ) ሲያልፉ፣ ስለ ሴቶች መብት የጀመሩት ጽሑፍ ሳያልቅ ቀረ። ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም ካልካታ ውስጥ ያስተምራል።

ውድ እህትና ወንድሞች! እኛ ግቢ ገብተን ቤት የቀረች እህት የለችንም? ለእረፍት ስንሄድ የድሮ ደብተራችንንና መጽሐፋችንን ይዘንላት እንሂድ፤ ማታ ማታ አብረናት እንቀመጥ። ያ የኢብራሂም ሻማ ስንት ቤት እንዳበራ አይተናል። አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም ከሚጠቅሙት ያድርገን። አሚን።