በአቃቂ የተሠራችው አውሮፕላንና ስማቸውን የሰጧት የ16 ዓመቷ ልዕልት

ሰው የጫነ ሮኬት ሊነሳ ሲል ላይቩን ከፍታችሁ የምትጠብቁ ልጆች ስሜቱን ታውቁታላችሁ። ቆጠራው ሲቃረብ ግማሹ ሰው በጉጉት ይቁነጠነጣል፣ ግማሹ ደግሞ ቢፈነዳስ እያለ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ናሳ በፈረንጆቹ ኅዳር 2022 አርቴሚስ 1ን ወደ ጨረቃ ሲልክ ውስጧ የነበረው አሻንጉሊት እንጂ ሰው አልነበረም። ስትመለስ የሙቀት መከላከያዋ ባልተጠበቀ መንገድ ተሸራርፎ ተገኘ። ከዚያ ሰው ይሳፈርባት ወይስ ትቆይ የሚለው ክርክር ስንት ጊዜ ወሰደ!

አሁን ወደ እኛው ሰፈር፣ ወደ አቃቂ እንምጣ። ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በፋብሪካ፣ በከባድ መኪናና በአቧራ የምናውቀው አካባቢ ያኔ የአውሮፕላን ሜዳ ነበረው። እዚያ ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስና አብራሪ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ቬነስ ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ ከሚያልፉን የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ይበልጧታል። ኢትዮጵያ 1 ተባለች፣ መጠሪያዋ ደግሞ ፀሐይ ሆነ።

ስሙ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው። ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. ተወለዱ፤ የራስ ተፈሪ (በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ) እና የወይዘሮ መነን ልጅ ናቸው። አውሮፕላንና እሳቸው አብረው ያደጉ ያህል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባችው በነሐሴ 1921 ነው፤ ልዕልቷ ገና 10 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በ1923 ዓ.ም. አባታቸው ዘውድ ሊጭኑ ሳምንታት ሲቀሩ፣ ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁሊያን የንጉሡን አዲስ ጂፕሲ ሞዝ ይዞ ተነስቶ ከሰከሰ። እሱ ተረፈ፣ አውሮፕላኗ ግን አልተረፈችም። ስለዚህ መብረር ማለት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ቤተ መንግሥቱ በደንብ ያውቃል። እንዲህም ሆኖ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የልጃቸው ስም ገና ተሞክራ በማታውቅ አውሮፕላን ላይ ተጻፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አርቴሚስ ባዶዋን ተልካ ተሞከረች። የአቃቂዋን ፀሐይ ባዶዋን መላክ አይቻልም። ሪሞት የለ፣ ኮምፒውተር የለ። መሪውን የሚይዘው ሰው ራሱ ነው ሙከራው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተር ይደክማል፣ ክንፍም በቂ አየር ለማግኘት ረጅም ሩጫ ይፈልጋል። በትንሽ ሞተር ከዚህ ከፍታ መነሳት ድፍረት ነው።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ጣሊያን ወሯል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ያሉበትን ደሴን ደበደቡ፤ ቦምቡ ሆስፒታልም አልማረ። በዚያው የፈረንጆች ታኅሣሥ ፀሐይ ከአቃቂ ሜዳ ተነሳች፣ በረረች፣ በሰላምም አረፈች። በአጠቃላይ ወደ 30 ሰዓት ገደማ በርራለች።

የ16 ዓመቷ ልዕልት ደግሞ በዚያ ሰሞን ሥራቸው መሬት ላይ ነበር። ከእናታቸው ከእቴጌ መነን ጋር ሆነው ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ከሚያዘጋጁ ሴቶች ጋር ይሠሩ ነበር። ሰማዩን አስፈሪ ያደረገው ነገር ምን እንደሆነ በእጃቸው እየሰፉ አውቀውታል ማለት ነው።

ሚያዝያ 1928 መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ አውሮፕላኗን አቃቂ ላይ አገኛት፣ የምርኮ ዕቃ አድርጎም ወደ አገሩ ወሰዳት። አንዷ ፀሐይ ሮም አጠገብ ሙዚየም ውስጥ ገባች፣ ሌላዋ እንግሊዝ አገር ስደተኛ ሆኑ።

ልዕልቷ ለንደን ውስጥ ቁጭ ብለው አላዘኑም። ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። ልዕልት ናቸው ተብሎ የቀረላቸው የሌሊት ተራ ያለ አይመስለኝም፤ ነርስነት ሥልጠናው ከባድ ነው፣ እሳቸው ግን ጨርሰው በፈረንጆቹ 1939 የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ቀጥለው ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ለንደን ራሷ በጀርመን አውሮፕላን መደብደብ ጀመረች። ከአንዱ ቦምብ ሸሽተው ሌላው ጋር ደረሱ።

ነፃነት ሲመለስ እሳቸውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ልጅ አቢይ አበበን አገቡ፣ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲመደቡም አብረው ነቀምት ሄዱ። ትዳሩ አራት ወር አልሞላም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነቀምት ላይ አረፉ። 22 ዓመታቸው ነበር። ሕፃናትን ማከም የተማሩት ነርስ ለራሳቸው የሚሆን ሕክምና ባልደረሰበት ቦታ ሞቱ። አስከሬናቸው በዓታ ለማርያም ገዳም አረፈ።

እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ ለኢትዮጵያ ስትሟገት የኖረችው፣ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ አሰባሰበች። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በፈረንጆቹ 1951 ተከፈተ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር።

አውሮፕላኗስ? ከ80 ዓመት በላይ ጣሊያን ከቆየች በኋላ ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በይፋ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ስሟ አሁንም ፀሐይ ነው። ሆስፒታሉ ግን ደርግ ሲመጣ ስሙ ተቀየረ። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ጦር ኃይሎች ወራጅ ብለን የምንወርድለት ሆስፒታል እሱ ነው።