ንጋትን ይጠብቅ የነበረው ሰው

 

ቢላል ኢብን ረባሕን (ረ.ዐ) የማያውቅ የለም። ስሙ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ድምፁ ነው። ዛሬ ግን ስለ ዐይኑ ላውጋችሁ። ቢላል አፉን ለአዛን ከመክፈቱ በፊት በየሌሊቱ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነበረው፦ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰማዩን መጠበቅ።

የተወለደው መካ ውስጥ ነው። እናቱ ሐማማ ሐበሻ ነበረች። ያደገው በባርነት ሲሆን ጌታው ከቁረይሽ ሹማምንት አንዱ የሆነው ኡመያ ኢብን ኸለፍ ነበር። ቢላል እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ስለነበር ኡመያ በቀትር ሐሩር ወደ በረሃ አውጥቶ በጋለ አሸዋ ላይ በጀርባው ያስተኛው፣ ደረቱ ላይም ትልቅ ድንጋይ ያስጭንበት ነበር። በጀርባው የተኛ ሰው ፊቱ ወዴት እንደሆነ አስቡት። ከፊቱ የነበረው የሚያቃጥለው ሰማይ ብቻ ነው። ቢላል ግን የአላህን አንድነት መመስከሩን አላቆመም። በመጨረሻ አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝተው ነፃ አወጡት።

በ622 እ.ኤ.አ ሂጅራ ሆነ። መዲና ሲገባ ወባ መሰል ትኩሳት ጣለው፤ ያሠቃየችውን መካን እንኳ፣ ተራራዋንና ሣሯን ሳይቀር ናፈቀ። ከዚያ የአዛን ጉዳይ መጣ። ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ) የአዛኑን ቃላት በሕልማቸው ሰምተው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሩ፣ ድምፁ የበለጠ ያምራልና ለቢላል አስተምረው ተባሉ። ትናንት ባሪያ የነበረው ሰው በዚያች ቀን የአንድ ከተማ ሰዓት ሆነ።

በዚያን ጊዜ መስጂዱ ሚናራ አልነበረውም። ከመስጂዱ አቅራቢያ ካሉት ቤቶች ከፍ ያለው የአንዲት የበኒ ነጃር ሴት ቤት ነበር። ይህችው ሴት እንዳስተላለፈችው ቢላል በሌሊቱ መጨረሻ መጥቶ ጣራዋ ላይ ይቀመጥና ንጋትን ይጠብቃል። ንጋቱን ሲያይ ይንጠራራል፤ አላህን ያመሰግናል፤ ያሠቃዩት ቁረይሾች ወደ ዲኑ እንዲመጡ ዱዓ ያደርግላቸዋል፤ ከዚያ አዛን ይላል። አንድም ሌሊት ይህን ዱዓ ሲተው አላየችውም።

ልብ በሉ፦ የደረቱ ጠባሳ ሳይሽር፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ እሱ ብቻውን ከከዋክብት ጋር ሆኖ ለጠላቶቹ ይለምን ነበር።

ሰማይን መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም። ንጋት ሁለት ነውና። የመጀመሪያው ፈጅር አል-ካዚብ፣ ሐሰተኛው ንጋት ይባላል። ከምሥራቅ አድማስ እንደ ተኩላ ጅራት ሽቅብ የሚቆም ፈዛዛ ነጭ ብርሃን ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በፕላኔቶች መካከል የተበተነ አቧራ የፀሐይን ብርሃን ሲያንጸባርቅ የሚታይ ነው ይላሉ። ሁለተኛው ፈጅር አስ-ሷዲቅ፣ እውነተኛው ንጋት ነው፤ ከአድማሱ ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘረጋል። የሱብሒ ወቅት የሚገባው፣ ጾመኛም ከምግብ የሚታቀበው በዚህኛው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢላል በሌሊት የሚያሰማው የመጀመሪያ አዛን የቆመውን እንዲመልስና የተኛውን እንዲያነቃ መሆኑን ሲያስረዱ፣ የሁለቱን ንጋት ልዩነት በጣቶቻቸው አሳይተዋል፤ ሽቅብ የሚቆመው አይደለም፣ ወደ ጎን የሚዘረጋው ነው ሲሉ። ሁለተኛውን አዛን የሚያሰማው ደግሞ ዐይነ ስውሩ ኢብን ኡም መክቱም (ረ.ዐ) ነበር፤ እሱም የሚያየው ሰው መንጋቱን ሲነግረው ነው አዛን የሚለው።

እኔ ይህን ትምህርት አዲስ አበባ መድረሳ ውስጥ ከኪታብ ተማርኩት። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥዬ ለሌሎችም አስተማርኩት። በዐይኔ ግን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። አንድ ጊዜ ለዘመድ ጥየቃ ጨንቻ ሄድኩ። ጨንቻን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፦ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጋሞ ተራራ ላይ፣ ብርዷና ጉሟ አጥንት የሚሰብር። የሰኞ ጾም ልጾም ሌሊት ተነሳሁ። እንደ ዕድል ጉም አልነበረም። ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ፣ ወደ ምሥራቅ ስመለከት ነጭ ብርሃን ሽቅብ ቆሟል። ነጋ ብዬ ውኃዬን አስቀመጥኩና ለሶላት ተዘጋጀሁ። ጎረቤት ያሉ አንድ ሸማኔ አባት በር ላይ ቆመው ነበር። ሙስሊም አይደሉም። ንጋቱ ቀደመኝ ብላቸው ሳቅ አሉና፣ ልጄ ያ ገና ነው፣ ንጋቱ ሲመጣ ተራራውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው አሉኝ። ቆይቼ አየሁ። ነጩ ዓምድ ባለበት ቆሞ ከሥሩ ሌላ ብርሃን በአድማሱ ላይ እንደ ጋቢ ጥለት ተዘረጋ። ሱብሓነላህ! ኪታቡን የቀራሁት እኔ ተሳሳትኩ፤ ሰማዩን በየሌሊቱ የሚያዩት አባት አወቁ።

ለምን አዲስ አበባ ላይ አላየሁትም? መብራቱ ነው። የመንገድ፣ የሕንፃና የማስታወቂያ መብራት ወደ ላይ ይረጫል፤ አየሩ ላይ ያለው አቧራና ጭስ መልሶ ይበትነዋል፤ ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ነጭነት ያደላል። ደካማው ሐሰተኛ ንጋት ጨርሶ ይሰወራል፤ እውነተኛውም በዐይን የሚለየው ዘግይቶ ነው። ሽሮ ሜዳ ያለኸው የጨንቻ ልጅ፣ ይህ ለአንተ ቅርብ ነው። ከሠፈርህ በላይ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከሥር ያለው የከተማ ብርሃን ግን እነሱንም ስለሚያስቸግር ባለሙያዎች በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ጨለማ ሰማይ ሲያፈላልጉ ቆይተዋል። ቴሌስኮፕ ጨለማን ፍለጋ ከሄደ የእኛ ዐይን እንዴት ይሁን?

ወደ ቢላል እንመለስ። ንጋትን በመጠበቅ የታወቀው ይህ ሰው አንድ ሌሊት ተሳነው። ከኸይበር ሲመለሱ ሠራዊቱ በድካም አረፈና ቢላል ንጋትን እንዲጠብቅላቸው ታዘዘ። የቻለውን ያህል ሰገደ። ንጋት ሲቃረብ ግመሉን ተደግፎ ፊቱን ወደሚነጋበት አቅጣጫ አዞረ። እንደዚያው እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነበር። ቢላል ሰበብ አልደረደረም፤ እናንተን የያዘው እኔንም ያዘኝ አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አላዋረዱትም። ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ለዚያው ሶላት ኢቃም እንዲያደርግ ያዘዙት ራሱን ቢላልን ነው። አደራው ከእጁ አልተነጠቀም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ስንት ሱብሒ አልፎን በኀፍረት ተስፋ ቆርጠን እንቀራለን? ፊታችን ወደ ንጋት ዞሮ ከሆነ መውደቃችን መጨረሻችን አይደለም።

ሌላም ሌሊት አለ። ቢላል የሱብሒን መቃረብ ሊነግር ሲመጣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያለቅሱ አገኛቸው። ሲጠይቃቸው ስለ ሰማያትና ምድር አፈጣጠር፣ ስለ ሌሊትና ቀን መፈራረቅ የሚናገሩት የሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጾች በዚያች ሌሊት እንደወረዱላቸውና አንብቦ ለማያስተነትን ሰው ወዮታ እንዳለበት ነገሩት። ከጣራ ላይ ያንኑ ሰማይ ሲያይ ለቆየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደነበር እናንተው ገምቱ።

በ630 እ.ኤ.አ መካ ስትከፈት ቢላል ከዕባ ላይ ወጥቶ አዛን አለ። ድንጋይ በተጫነበት ከተማ ከሁሉም በላይ ቆመ። በ632 ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሞቱ ግን ስማቸውን በአዛን መጥራት ከበደው። ወደ ሻም ሄደ፤ በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማም ደማስቆ ውስጥ አረፈ። ረዲየላሁ ዐንሁ።

ዛሬ የሱብሒን ወቅት የሚነግረን ስልካችን ነው። ይህ ኒዕማ ነው፤ ከተማ ውስጥ ያላችሁ በመብራት በታወረ ሰማይ አትፍረዱ፣ ሰሌዳውን ተከተሉ። ነገር ግን ሰሌዳው ራሱ የተሠራው ሰማዩን ባዩ ሰዎች መሆኑን አትርሱ። ደጃፋችሁ ላይ ወደ ላይ የሚያበራ አምፖል ካለ ወደ ታች አዙሩት ወይም ሌሊት አጥፉት። አገር ቤት ስትሄዱም አንድ ሌሊት ከሱብሒ በፊት ውጡና ወደ ምሥራቅ ቁሙ። የቆመው ነጭ ሲመጣ አትቸኩሉ። የሚዘረጋውን ጠብቁ። በዚያች ጥበቃ ውስጥ እንደ ቢላል ለበደላችሁ ሰው ዱዓ አድርጉ።

አላህ ሰማዩን አይተው ከሚያስተነትኑት ያድርገን። ጁሙዐ ሙባረክ።