የግድግዳ ቀለምና የመቶ ዓመቱ ሊቅ

አንድ ወጣት በሀብሩ ወረዳ በግራና ከተማ ፎቶግራፍ ቤት ለመክፈት አሰበ እንበል። ካሜራው ተገዝቷል፤ ክፍሉም ተከራይቷል፤ የቀረው ግድግዳውን ቀለም መቀባት ብቻ ነው። ይህ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ግድግዳው በሚነሣው ሰው ፊት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ነገሩን መርምሮ ሕጉን ለዓለም ያስረዳው ሠዓሊ ወይም ፎቶግራፍ አንሺ አልነበረም፤ ሚሼል ኤዠን ሼቭረል የተባለ የፈረንሳይ ኬሚስት ነበረ።

ሼቭረል የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 31 ቀን 1786፣ በእኛ 1778 ዓ.ም.፣ አንዤ በምትባል ከተማ ነው። በአገራችን ያን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነበረ። አባቱ ሐኪም ሲሆን፣ ልጅነቱ በታላቁ የፈረንሳይ አብዮት ሁከት መካከል አለፈ። በ1803፣ በ17 ዓመቱ፣ ወደ ፓሪስ ሄዶ ቮክለን ከተባለው ስመ ጥር ኬሚስት ዘንድ ገባና የቤተ ሙከራ ሥራ ተማረ።

የመጀመሪያ ዝናውን ያተረፈለት ቀለም ሳይሆን ስብ ነው። በዚያ ዘመን ሳሙና ሠሪው በልማድ ይሠራ ነበር እንጂ ስቡ ወደ ሳሙና የሚለወጥበትን ምክንያት አያውቅም ነበር። ሼቭረል ስብን በየክፍሉ ለይቶ በውስጡ ያሉትን አሲዶችና ግሊሰሪንን ካወቀ በኋላ፣ የምርምሩን ውጤት በ1823 በመጽሐፍ አሳተመ። በ1825 ደግሞ ከጌ ሉሳክ ጋር ሆኖ ከሞራ ሻማ ይልቅ ጥሩ ብርሃን የሚሰጥና ሽታው የቀነሰ ሻማ ለመሥራት የፈጠራ መብት አገኘ።

በ1824 ጎብለን በተባለው የመንግሥት ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ሹም ሆኖ ተሾመ። ጎብለን ለቤተ መንግሥት ግድግዳ የሚሆን ባለ ሥዕል መጋረጃ የሚሸመንበት ስፍራ ነው። ሹመቱን እንደ ያዘ አንድ አቤቱታ ቀረበለት፤ ይኸውም ለሰማያዊና ለሐምራዊ ልብስ ጥላ እንዲሆን የሚገባው ጥቁር ክር ብርታት የለውም የሚል ነበር። ክሱ የቀለም ነካሪዎቹን ስምና እንጀራ የሚነካ ነው። ችኩል ሹም ቢሆን ኖሮ ሠራተኛውን ገሥጾ ወይም አባሮ ነገሩን በዘጋ ነበር። ሼቭረል ግን አስቀድሞ መረመረ። ከለንደንና ከቬየና የመጣ ጥቁር የበግ ጠጉር ክር ከጎብለኑ ጋር ቢያስተያይ፣ የጎብለኑ ጥቁር ከሌላው የሚያንስ ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ ጥፋቱ ከቀለም ጋኑ ውስጥ ሳይሆን ከክሩ አጠገብ ነበረ። ጥቁሩን ያደከመው ጎረቤቱ ሰማያዊና ሐምራዊ ነው።

ሼቭረል ከዚህ በመነሣት ያገኘውን ሕግ በ1828 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ በ1839 ደግሞ ሰፊ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይናችን ልዩነታቸውን አብዝቶ ያያል። ፈዛዛው ይበልጥ ይፈዛል፣ ደማቁም ይበልጥ ይጠቁራል፤ እያንዳንዱም ጎረቤቱን ወደ ተቃራኒው መልክ ይገፋዋል። ቀይ ጎረቤቱን ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊም ወደ ብርቱካንማ ይስባል።

ይህ ሕግ የነጋዴን ጠብ እስከ ማብረድ ደርሷል። ጨርቅ ነጋዴዎች በቀይና በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ጥቁር አበባ እንዲታተም አዝዘው ሲያበቁ፣ አበባው ጥቁር አይደለም፣ በቀዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ነው ብለው ከአታሚዎቹ ጋር ተካሰሱ። ሼቭረል በአበባው ቅርጽ የተቀደደ ነጭ ወረቀት በጨርቁ ላይ አኖረ። ቀዩ መደብ ሲሸፈን አበባው ጥቁር ሆኖ ታየ፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ።

የዳጌር የፎቶግራፍ ጥበብ ለሕዝብ የተገለጠው የሼቭረል መጽሐፍ በወጣበት በዚያው በ1839 ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ቤት ግድግዳ የተጻፈው ክፍል ዛሬም ለፎቶግራፍ ቤት ይጠቅማል። ሼቭረል እንደሚያስረዳው ደማቅና ጥቁር የሆነ ግድግዳ ብርሃንን ይውጣል፤ ቀይና ሐምራዊ ግድግዳ የሰውን መልክ ያበላሻል። የቴያትር ቤት መቀመጫዎችም ቀይ መደብ ሲሆንባቸው የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ወደ አረንጓዴ ያደላ እንደሚያስመስል ገልጧል።

ወደ ግራናው ወጣት ስንመለስ፣ ግድግዳ በፎቶግራፍ ላይ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው የዓይን ነገር፣ ማለት የሼቭረል ሕግ ነው። ሁለተኛው ግን የብርሃን ነገር ነው፤ አረንጓዴ ግድግዳ ላይ የወደቀ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ተመልሶ በሰው ጉንጭ ላይ ያርፋል። በተለይ የጎን ግድግዳዎችና ጣራው በዚህ ይጎዳሉ። ከኋላ ያለው ግድግዳ በጣም ነጭ ሲሆን ደግሞ ብርሃኑን በራሱ የሚመጥን ካሜራ በነጩ ይታለልና የጠይሙን ሰው ፊት አጥቁሮ ያወጣዋል። ለመታወቂያ ነጭ መደብ ሲታዘዝ፣ ብርሃኑ በግድግዳው ሳይሆን በፊቱ ልክ መመጠን አለበት። ለሌላው ሥራ ግን መካከለኛና የማያንጸባርቅ ግራጫ ከሁሉ ይሻላል፤ ለየትኛውም መልክ አያደላምና። ደማቁን ቀለም የሚወድ ባለ ቤት በውጭው በር ላይ ይቀባው። ስመ ጥሩው ፎቶግራፍ አንሺ ናዳር በፓሪስ የካፑሲን ጎዳና የነበረውን ቤቱን ቀይ አስቀብቶ ደንበኛ ይስብበት ነበር።

ሼቭረል የዓይንን ስሕተት እንደ መረመረ የእጅንም መርምሯል። ጠንቋዮች በክር አንጠልጥለው የሚያወዛውዙት ዕቃ በምሥጢር ኃይል ይንቀሳቀሳል ሲባል፣ የሚያንቀሳቅሰው ሳያውቀው የገዛ እጁ እንደ ሆነ በራሱ ላይ ፈትኖ በ1833 አስታወቀ። ዓይኑ ሲሸፈን እንቅስቃሴው ይቆም ነበርና።

ዕድሜው እየገፋ ቢሄድም ሥራውን አልተወም። ራሱን የፈረንሳይ ተማሪዎች ሁሉ አንጋፋ አድርጎ ይቆጥር ነበር። በ1886 መቶኛ ዓመቱ በመላ ፈረንሳይ ሲከበር ናዳር መጥቶ አነጋገረው፤ ልጁ ፖል ናዳር በዚያው ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣው። በጋዜጣ የታተሙት እነዚያ ሥዕሎች ቃለ መጠይቅ ከፎቶግራፍ ጋር አንድ ላይ ከወጣባቸው የመጀመሪያዎቹ መካከል ይቆጠራሉ። ስለ መልክና ስለ መደብ ሕግ ያወጣው ሽማግሌ በመጨረሻ እሱም ከካሜራ ፊት ተቀመጠ።

ሼቭረል የሞተው በ102 ዓመቱ፣ አፕሪል 9 ቀን 1889 ነው፤ አጼ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ አንድ ወር ቢሆን ነው። ስሙ በኤፌል ግንብ ላይ ከተቀረጹት 72 የፈረንሳይ ሊቃውንት ስሞች አንዱ ሆኗል። በቢሮ ጠረጴዛው ላይ አቤቱታ የሚቀርብለት ወጣት ሹም ግን ከሁሉ ይልቅ የጎብለኑን ጥቁር ክር ቢያስታውስ ይጠቀማል። ክሩ ደካማ ነው ተብሎ የተከሰሰው ያለ ጥፋቱ ነበረ፤ ነጻ የወጣውም አጠገቡ ያለውን የሚመለከት ሹም ስላገኘ ነው።