ሁበርት ጁልያንና የደጋው አየር

ሁበርት ፎንትለሮይ ጁልያን እ.ኤ.አ. በ1897 በትሪኒዳድ ተወለደ። ስሙን ያስጠራው በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሃርለም ሰማይ ላይ በፓራሹት በመዝለል ነው፤ የሃርለም ጥቁር ንስር የሚለው ቅጽልም ከዚያ የመጣ ነው። በ1924 በባሕር ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ ለመብረር ቢነሣም፣ የአውሮፕላኑ ተንሳፋፊ እግር ጉዳት ስለደረሰበት ከኒው ዮርክ ሳይርቅ ወደቀ።

አዲስ አበባ የደረሰው በ1930 ነበር። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት በፓራሹት ወርዶ የኮሎኔልነት ማዕረግና ኢትዮጵያዊ ዜግነት ተሰጠው። ሆኖም በጥቅምት ወር፣ ለዘውድ በዓሉ ልምምድ ሲደረግ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞስ አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር ተጋጨ። እርሱ ሞተሩ በደባ እንደተበላሸ ሲከራከር፣ ተቺዎቹ ጥፋቱን በችሎታው ላይ ጣሉ።

ከሁለቱ አስቀድሞ ግን ከፍታው ሊመዘን ይገባዋል። አዲስ አበባ፣ እንደ ደብረ ማርቆስ ሁሉ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየር በግፊት የማይሞላለት 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ የጂፕሲ ሞስ ሞተርም በዚሁ ግድም ነበር፣ በደጋው ከ76 ብዙም አይበልጥም። አየሩ ሲሞቅ ደግሞ ይህም ይቀንሳል። ክንፉ በሳሳው አየር አውሮፕላኑን እንዲሸከም በመሬት ላይ የሚያስፈልገው ፍጥነት በ12 በመቶ ያህል ስለሚጨምር መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ሽቅብታው ግን ይዘገያል። በካርቡራተሩ የሚያልፈው ቤንዚን ከአየሩ ጋር ካልተመጣጠነ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ ሞተሩም ይንተፋተፋል። በባሕር ጠለል በረራ ለተካነ ሰው ይህ ሁሉ የተበላሸ ሞተር ጠባይ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ለዚያ አደጋ ደባም ሆነ ድንቁርና የግድ አያስፈልግም፤ ከሜዳው ዳርቻ የቆመ ረጅም ባሕር ዛፍ ይበቃል።

ጁልያን ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። በ1935 የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ተመለሰ፤ ነገር ግን የአየር ኃይሉን እንዲመራ የተሾመው ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነበር። ሁለቱ ተጣሉ፤ ጁልያንም ያው ዓመት ሳያልቅ አገሩን ለቀቀ። በ1983 በኒው ዮርክ አረፈ።